እልህ የማን ነው?

«እልህ ምላጭ ያስውጣል» ይላሉ አበው። ያስውጣል፣ እኔም አልክድም። ግን ይቺን አባባል በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ ምላጩን ማን አቀበለው? መቼም ሰው ጠዋት ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ «እስኪ ደግሞ ዛሬ ምላጭ ልዋጥ» አይልም። ከፊት ለፊቱ ሌላ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ወይ ራሱ ምላጩን የዋጠ፣ ወይ ደግሞ የዋጠ መስሎ የታየ ነው። (ሁለተኛው የባሰ ነው፤ እደርስበታለሁ።)

የዛሬው ወሬዬ ስለ ፍልሚያ ነው። ስለ ቡጢ፣ ስለ ቴኳንዶ፣ ስለ ዱላ። በተለይ ደግሞ ተፋላሚው ሳያውቀው ባላጋራውን መምሰል ስለሚጀምርባት ቅጽበት። ስፖርት የማትወዱ አንባቢዎች «ይሄ እኔን አይመለከትም» ብላችሁ እንዳትሄዱብኝ አደራ። ከባጃጅ ሾፌር ጋር በመልስ ሳንቲም ተጨቃጭቃችሁ፣ እሱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እናንተም ከፍ አድርጋችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ በደንብ ይመለከታችኋል።

የሀዋሳ ልጅ ነኝ። ሀዋሳ ሲባል ለሌላው ሰው ትዝ የሚለው ሀይቁና የአሞራ ገደል ዓሣ ነው። «ፍቅር ሀይቅ» የሚባል ቦታ ባለበት ከተማ ስለ ድብድብ ማውራት እንደሚያሳፍርም አውቃለሁ። ግን እስኪ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሀይቁ ዳር ወይም ታቦር ተራራ ሥር ብቅ በሉ። ከሚሮጠው መሀል ገመድ የሚዘለውን፣ ከጥላው ጋር ቡጢ የሚለዋወጠውን፣ አየሩን በእርግጫ የሚጠልዘውን ታያላችሁ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ላይ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲቀርብ፣ «ይሄ ነገር ለካ እስከዚያ ያደርሳል!» ያሉት እነዚህ የማለዳ ልጆች ናቸው።

እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ቻምፒዮን አልነበርኩም፤ ወደ ቻምፒዮንነት ተጠግቼም አላውቅም። የእኔ ሥራ ሌላ ነበር። የእኔ ሥራ ባላጋራ መሆን ነበር።

*

ላስረዳ። አንድ ተፋላሚ ለውድድር ሲዘጋጅ የሚገጥመውን ሰው የሚመስል የልምምድ ጓደኛ ይፈለግለታል። ባላጋራው ረጅም ከሆነ ረጅም፣ ቀልጣፋ ከሆነ ቀልጣፋ። ታላላቆቹ ቡጢኞች ለዚህ ሥራ ገንዘብ ከፍለው ሰው ይቀጥራሉ። እኛ ጋ ቅጥር ብሎ ነገር የለም። አሰልጣኛችን ዙሪያውን ቃኝተው ጣታቸውን ወደ አንዱ ይቀስራሉ፣ አለቀ። ጣታቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። ሰው መምሰል ይሆንልኛል። ትምህርት ቤት እያለሁ የመምህራንን አካሄድ እያስመሰልኩ ክፍሉን አስቅ ነበር። (ምናልባትም የራሴ የሆነ የሚያስፈራ ምት ስላልነበረኝ ይሆናል። ባዶ ጠርሙስ የቀዱበትን ይይዛል።)

አንድ ዓመት የቅርብ ጓደኛዬ ለውድድር ሲዘጋጅ ከሌላ ከተማ የሚመጣ አንድ ልጅ እንደሚገጥመው ታወቀ። ልጁ ግራኝ ነው። ግራኝ ስላችሁ ታሪክ መጽሐፍ እንዳትከፍቱ! ግራ እግሩን ወደ ኋላ አድርጎ ስለሚቆም፣ ከባዱ ምቱም ከግራ ስለሚመጣ ሰው ነው የማወራው። ግራኞች በፍልሚያ የሚያስቸግሩት ጉልበት በዝቶላቸው አይደለም። አንዱ ምክንያት ቁጥራቸው ማነሱ ነው። ቀኝኛው ዕድሜውን ሙሉ የሚለማመደው ከቀኝኛ ጋር ነው። ግራኙም የሚለማመደው ከቀኝኛ ጋር ነው። ሲገናኙ አንዱ የለመደውን ያገኛል፣ ሌላው እንግዳ ነገር ይገጥመዋል።

ስለዚህ እኔ ቀኝኛው ልጅ ግራኝ እንድሆን ተፈረደብኝ። በስልክ የተቀረጸ የልጁ ፍልሚያ ተሰጠኝ። አየሁት። ደግሜ አየሁት። እንቅልፌ እስኪመጣ አየሁት። ልጁ ከመምታቱ በፊት የፊት እግሩን ምንጣፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ሲመታ ደግሞ (ሲመቱት ማለቴ ነው) ሁለቱንም እጆቹን ወደ ታች ይለቅና ፈገግ ይላል። «ይሄ ነው ምትህ?» የሚል ፈገግታ። ስታዩት ደም የሚያፈላ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ወደ እኔ ገባ። ቤት ቡና እየተጠጣ እግሬ ወለሉን ጠብ ጠብ ያደርጋል። እናቴ አየችኝና «ምነው ልጄ፣ ጫማው ጠበበህ እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? «አይ እማ፣ እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው ነው» ልበላት?

ከሁሉም የከበደኝ ፈገግታው ነበር። ሰው እየመታህ ፈገግ ማለት ቀላል አይደለም። እኔ ስሞክረው ጥርሱን የታመመ ሰው እመስላለሁ። አንድ ምሽት ግን ጓደኛዬ ዙር በዙር ላይ እየደረበ ሲያሳድደኝ ትንፋሼ ተቆራረጠ፣ ክንዴ ዛለ። ከዚያ አንዲት እርግጫ ሆዴ ላይ አረፈች። እጄን ለቀቅኩት፣ ፈገግ አልኩ። ያኔ ገባኝ! እጅ ሲወርድ ትከሻ ያርፋል። ፈገግ ሲባል አፍ ይከፈታል፣ አየር ይገባል። ልጁ የሚንቅ መስሎ እያረፈ ነበር።

ይህንን ቪዲዮውን መቶ ጊዜ ባየው አላገኘውም ነበር። ከውጭ ሲታይ ንቀት ነው፤ ሰውየውን ሆነህ ስትገባበት ድካም ነው። ለጓደኛዬ ነገርኩት፦ «ሲስቅብህ ደክሞት ነው። ያኔ ግባ።» አሰልጣኛችንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባላጋራን መቅዳት ለዚህ ይጠቅማል። ሰውን በሰውነትህ ታጠናዋለህ።

*

ውድድሩ ቀን ደረሰ። የመጀመሪያው ዙር የእኛ ነበር። ጓደኛዬ የልጁን እግር ጠብ ጠብ ሲያይ ገለል ይላል፣ መልሶ ይመታል። በሁለተኛው ዙር አጋማሽ ላይ ጥሩ እርግጫ ጎኑ ላይ አሳረፈበት። ልጁ ምን ያደርጋል? እጆቹን ለቀቃቸው፣ ፈገግ አለ።

«አሁን!» አልን ሁላችንም ከዳር። አሰልጣኛችን ከወንበራቸው ተነሱ።

ጓደኛዬ እጆቹን ለቀቃቸው። ፈገግ አለ።

አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። ሁለቱ እጃቸውን አውርደው፣ ጥርሳቸውን አሳይተው፣ ፊት ለፊት እንደ መስታወት ቆሙ። ሕዝቡ ወደደው። እኔ ግን የሆነ ነገር ሆዴ ውስጥ ወረደ። ምክንያቱም አንደኛው እያረፈ ነው፤ ሌላኛው የማያስፈልገውን ዕረፍት እየቀዳ ነው። ጠብ ጠብ… ከዚያ የግራ እግር ጭንቅላቱ ላይ። 3 ነጥብ። ጓደኛዬ ተነሳና የባሰውን አደረገ፦ እንደ ልጁ በግራ ለመምታት ሞከረ። በሕይወቱ በውድድር ላይ በግራ መትቶ አያውቅም! የቀረውን ልትገምቱት ትችላላችሁ።

ካለቀ በኋላ ጥግ ላይ ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ «እጅህን ለምን አወረድክ?» አልኩት።

«የት አወረድኩ?» አለኝ።

ሊዋሸኝ አልነበረም። የእውነት አያውቅም። በስልክ የቀረጽነውን እስክናሳየው ድረስ ክዶ ተከራከረን። አይቶት ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላ «እልህ ያዘኝ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እኔ ግን ያቺን ቃል ይዤ ቀረሁ። እልህ «ያዘኝ»። ልብ አላችሁ? እልህን ያዝኩት አንልም፤ እሱ ነው የሚይዘን። እንደ ጉንፋን። ጉንፋን ደግሞ ከሰው ነው የሚመጣው።

*

ቀጥሎ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ፣ አጠር አድርጌ።

እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ታንያ ቻርትራንድና ጆን ባርግ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን ከማያውቁት ሰው ጋር አስቀምጠው አንድ ተራ ሥራ ያሠሯቸው ነበር። ያ የማያውቁት ሰው በድብቅ ታዝዞ ፊቱን ያሻል፣ ወይም እግሩን ያንቀጠቅጣል። ተሳታፊዎቹም ሳያውቁት ፊታቸውን ማሸት፣ እግራቸውን ማንቀጥቀጥ አበዙ። እስስት ከተቀመጠችበት ቀለም ጋር ትመሳሰላለች እንደሚባለው ስለሆነ ተመራማሪዎቹ የእስስት ነገር አሉት። በሌላ ሙከራ ደግሞ ነገሩን ገልብጠው አዩት፤ እንቅስቃሴው የተቀዳለት ሰው የቀዳውን ሰው ይበልጥ ወደደው።

ይሄ ለሀዋሳ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። በፊቼ ጨምበላላ ወደ ጉዱማሌ ሄዶ ቄጣላ ያየ ሰው ያውቀዋል። (ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው።) ያ ሁሉ ወንድ በአንድ ድምፅ ሲያዜም፣ በአንድ እግር ሲረግጥ፣ ዳር የቆመው ሰው እንኳ ሳይታወቀው ትከሻው ይነሳል። ማንም «አሁን ዝለል» ያለው የለም። መቀዳዳት የሚያፋቅር ነገር ነው። ሕፃን ቋንቋ የሚለምደው፣ ጎረቤት የሚግባባው፣ ሠርግ የሚደምቀው በእሱ ነው። ችግሩ ሰውነታችን ይሄንን ጠባዩን ለሠርግ ብቻ አውጥቶ ለፍልሚያ አያጥፈውም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ሌላ ሙከራ አለ። «ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ» የምትባለዋን የእጅ ጨዋታ ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ሰዎችን በገንዘብ ሽልማት ይቺን አጫወተ። አንዳንዴ የሁለቱም ዓይን ይሸፈናል፣ አንዳንዴ የአንዱ ብቻ። የሁለቱም ዓይን ሲሸፈን ተመሳሳይ ነገር የሚያሳዩት በአጋጣሚ ልክ ነው። አንዱ ማየት ሲችል ግን ተመሳሳይ ማሳየታቸው ከአጋጣሚ በለጠ። ማየት የቻለው ሰው የሌላውን እጅ እያየ፣ ለመብለጥ ሳይሆን ለመምሰል ተንሸራተተ ማለት ነው። ብር እያለ! ማሸነፍ እየፈለገ! ዓይን የበራለት ሰው ባየው ነገር ተጠለፈ።

ጓደኛዬም ያቺን ቅጽበት የተጠለፈው በዓይኑ ነው።

*

«እሱ ጀማሪ ስለሆነ ነው» እንዳትሉኝ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ልጥራላችሁ። ሹገር ሬይ ሌናርድ።

ሰኔ 13 ቀን 1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1980) ሞንትሪያል ካናዳ። ሌናርድ የዓለም ሻምፒዮን ነው። ሽንፈት አያውቅም። እግሩ ፈጣን፣ እጁ ፈጣን፣ ሪንጉን እየዞረ የሚያስጨንቅ ተፋላሚ ነው። ገጣሚው ፓናማዊው ሮቤርቶ ዱራን «የድንጋይ እጆች» የሚባል፣ ተጠግቶ የሚደልቅ ሰው ነው። ዱራን ከፍልሚያው በፊት የሠራው ሥራ አለ፤ ሌናርድን ሰደበው፣ ሚስቱንም ሰደበለት። ሌናርድን እልህ ያዘው። ደወሉ ሲደወል መዞሩን ትቶ ቆመ። ዱራን እንደሚቆመው ቆመ፣ ዱራን እንደሚመታው ተጠግቶ ተማታ። 15 ዙር ሙሉ! ለተመልካች ድንቅ ፍልሚያ ነበር። ዳኞቹ ግን ለዱራን ሰጡት። በዱራን ጨዋታ ከዱራን የሚበልጥ ዱራን ከየት ይመጣል?

ልብ በሉ፣ ሌናርድ ያን ምሽት ፈሪ አልነበረም፣ ሰነፍም አልነበረም። ያለውን ሁሉ ሰጥቷል። የሰጠው ግን ለዱራን ድርሰት ነው።

ከወር በኋላ፣ በሐምሌ 1972፣ ሞስኮ ላይ የእኛ ሰዎች የዚህን ነገር ሌላኛ ገጽታ አሳዩ። ሩጫ ፍልሚያ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ፍጥነቱን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ያደርጉት ነበር። የሚከተል ሰው የማይቀድምበት ምክንያት ይሄ ነው፦ መሪው መቼ እንደሚፈጥን ያውቃል፣ ተከታዩ ግን በእያንዳንዱ ፍጥጫ አዲስ ዕዳ ይገባል። ከፊንላንዳውያኑ ካርሎ ማኒንካ እስከ መጨረሻው ታግሎ ብር ወሰደ፤ ላሲ ቪረን ግን አምስተኛ ሆነ። ምሩጽ 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ማርሹን ቀየረ፣ ወርቁንም ይዞ ሄደ። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለውም በዚህ ጠባዩ ነው። ማርሹን የሚቀይረው ራሱ ነው፣ ሌላ ሰው አይቀይርለትም።

ወደ ሌናርድ እንመለስ። ኅዳር 16 ቀን 1973 ዓ.ም. ኒው ኦርሊንስ ላይ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። አሁን ሌናርድ ዞረ፣ ዘለለ፣ ሸሸ፣ መታ። በ7ኛው ዙር ቀኝ እጁን እንደ ወንጭፍ እያዞረ የዱራንን ዓይን ወደዚያ ወሰደና በግራው ፊቱን መታው። ሕዝቡ ሳቀ። በ8ኛው ዙር ያ የማይበገር ዱራን ጀርባውን ሰጥቶ ፍልሚያውን ተወው። በቡጢ ታሪክ ብዙ ያነጋገረ ማቋረጥ ነው።

እዚህ ላይ እኔን የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? ሌናርድ በሁለተኛውም ጊዜ ዱራንን ቀድቶታል! ግን ጡጫውን ሳይሆን ሙያውን። ዱራን ሞንትሪያል ላይ ሰውን ከራሱ ማስወጣት ያውቅ ነበር። ሌናርድ ያንን አጠና፣ በራሱ እግርና በራሱ እጅ ተረጎመው፣ ለባለቤቱም መለሰለት። የመጀመሪያውን በሰኔ እልህ አስቀዳው። የሁለተኛውን አምስት ወር ቁጭ ብሎ መረጠው።

*

አሁን ወደ ባጃጁ ሾፌር።

እ.ኤ.አ. በ2003 የለንደን ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ ሠሩ። ሁለት ሰዎች ጣታቸውን በማሽን ላይ ያደርጋሉ። አንዱ የሌላውን ጣት ይጫናል። ትእዛዙ አንድ ነው፦ «የተጫኑህን ያህል ብቻ መልሰህ ተጫን።» አትጨምር፣ አትቀንስ፣ ቅዳ። ሁለቱም የሌላው ትእዛዝ ምን እንደሆነ አያውቁም። ምን ተፈጠረ? ግፊቱ በእያንዳንዱ ምልልስ በአማካይ 38 በመቶ ጨመረ። ወረቀት ላይ ብታሰሉት ከ7 ምልልስ በኋላ ከመጀመሪያው ከ9 እጥፍ በላይ ይሆናል።

ማንም አላጭበረበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አእምሯችን እኛው ራሳችን የምናደርገውን ነገር አስቀድሞ ስለሚያውቀው ስሜቱን ያቀልለዋል። (ራሳችሁን ኮርኩራችሁ መሳቅ የማትችሉት ለዚህ ነው።) ከሌላ ሰው የመጣውን ግን በሙሉ ክብደቱ ይሰማዋል። ስለዚህ የተቀበልኩትን ያህል መለስኩ ስል፣ ከተቀበልኩት በላይ መልሻለሁ። እሱም እንደዚያው።

ይሄንን ሳነብ በሕይወቴ ያየኋቸው የሰፈር ጠቦች በሙሉ ተደርድረው ፊቴ ቆሙ። «እኔ እኮ የሰጠኝን ነው የመለስኩለት!» «ኧረ እኔም የሰጠኝን ነው!» ሽማግሌ ሁለቱን ሰምቶ «አንዱ ይዋሻል» ይላል። ለካ ሁለቱም አይዋሹም! ሁለት እውነተኛ ሰዎች፣ እኩል እየመለሱ፣ ከግፊያ ተነስተው ድንጋይ ላይ ይደርሳሉ። የሚያስፈራኝም ይሄ ነው። ክፉ ሰው ባይኖርም ጠብ ያድጋል።

ድሮ የነበሩ ሰዎች ይህንን ያለ ማሽን ያወቁት ይመስለኛል። የፈረስ ጉግስን ተመልከቱ። አንዱ ወገን ያባርራል፣ ዘንግ ይወረውራል፤ ሌላው ይሸሻል፣ በጋሻው ይመክታል። ከዚያ ይገላበጣሉ። በአንድ ጊዜ ሁለቱም አባራሪ መሆን አይችሉም። ተራ አለ፣ ተራው ደግሞ እልህን ያስተነፍሰዋል። ሀዋሳ ለብዙ ዓመታት ዋና ከተማው በነበረችለት በቀድሞው የደቡብ ክልል፣ በሱርማ ሕዝብ ዘንድ ዶንጋ የሚባለው የዱላ ፍልሚያ አለ። ከሩቅ የሚያይ ቱሪስት «አረመኔ ድብድብ» ብሎ ፎቶ ያነሳል። ነገር ግን ሕግ አለው፤ ዳኛ አለው። የወደቀን መምታት ነውር ነው። መግደል ክልክል ነው። ምት ምትን እየቀዳ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ያወጣው ሕግ ነው። ከጎረቤት ሱዳን ጦርነት ጋር አውቶማቲክ ጠመንጃ አካባቢውን ሲያጥለቀልቀው ግን ያ ሕግ ተፈተነ። ለዱላ የተሠራ ልጓም ጥይት ለመያዝ ይቸገራል።

የሪንግ ደወልም፣ የቴኳንዶ ዳኛ «ተለያዩ» ማለቱም፣ የሽማግሌው «እስኪ ተዉ፣ ቁጭ በሉ» ማለቱም ሥራቸው አንድ ነው። መቀዳዳቱን ማቋረጥ።

*

ታዲያ ባላጋራን መቅዳት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ሁለቱንም ካልኩ «ፖለቲከኛ ሆንክ» ትሉኛላችሁ። ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። በልምምድ ሜዳ፣ በቀዘቀዘ ጭንቅላት፣ ምን እንደምወስድ መርጬ የምቀዳው ነገር የእኔ ንብረት ይሆናል። በፍልሚያ መሀል ሳላውቀው የምቀዳው ግን የእሱ እንደሆነ ይቀራል። እጄ ነው፣ ግን እሱ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

ይሄ ነገር የእኔንም ራስ አዙሮብኝ ነበር። ለወራት የሰው ባላጋራ ስሆን ከርሜ፣ አንድ ቀን አሰልጣኛችን «ዛሬ ማንንም አትምሰል፤ በራስህ ተጫወት» አሉኝ። ምንጣፉ መሀል ቆምኩ። ቀኝ እግሬን ላስቀድም ወይስ ግራዬን? እጄን የት ላድርግ? የራሴ አቋቋም የቱ ነው? የእኔ የምላት አንዲት ነገር ብቻ ትዝ አለችኝ፤ ከመምታቴ በፊት ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ። «ይቺማ የእኔ ናት» ብዬ ልቤ ሞላ። ማታ ቤት ገብቼ ሳስባት… ለካ የታላቅ ወንድሜ ናት። ልጅ ሆነን ግቢ ውስጥ ሲያታግለኝ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

መጀመሪያ ከፋኝ። በኋላ ግን ሳቅሁ። ከማንም ያልተቀዳ ሰው የት አለ? አነጋገራችን የእናታችን፣ አካሄዳችን የአባታችን፣ ሳቃችን የጓደኞቻችን ነው። የወንድሜን እርምጃ ስቀዳ ግን ማንም አላስገደደኝም። ስለወደድኩት ነው። ለዓመታት ተለማመድኩት፣ በእግሬ ልክ ተሰፋ። የእኔ ያደረገው እሱ ነው።

ጓደኛዬም የራሱን መንገድ ፈለገ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 በጻፈው ሥራው የታወቀች አንዲት ዘዴ አለች። «ጎበዝ እሆናለሁ»፣ «አልናደድም» ብሎ መማል ብዙ አያስኬድም። ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ቀድሞ መቁረጥ ይሻላል። ምክንያቱም ቅጽበቷ ስትመጣ የማሰቢያ ጊዜ የለም፤ ቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ከሌለ ሰውነት ያየውን ይቀዳል። ስለዚህ ጓደኛዬ እንዲህ ቆረጠ፦ «ሲስቅብኝ ደረቱን አያለሁ፣ ትንፋሼን አስወጣለሁ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ።» ለምን ደረቱን? ፊት ይጋባል። ደረት ላይ ሳቅ የለም።

ይቺን እኔ እየሳቅኩበት ለሳምንታት ተለማመድናት። እስኪሰለቸው ሳቅሁበት። (ይሄም ሥራ ነው እንግዲህ!)

በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ልጅ ጋር ተገናኙ። ልጁ እጁን ለቀቀ፣ ፈገግ አለ። ጓደኛዬ ደረቱን አየ፣ ተነፈሰ፣ ወደ ቀኝ አለ፣ መታ። አዳራሹ አላፏጨም። እንዲያውም ፍልሚያው ደበዘዘባቸው መሰለኝ። እና አሸነፈ? አላሸነፈም። በጥቂት ነጥብ ተበለጠ። ልጁ ይበልጠዋል፣ እውነቱ ይሄ ነው። ግን ከምንጣፉ ሲወርድ «እጅህን ለምን…» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። የት እንደተመታ፣ ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገ አንድ በአንድ ነገረኝ። ሁሉንም ያስታውሰው ነበር። እኔ ከዚህ የበለጠ ድል በአዳራሹ ውስጥ አላየሁም፤ ሜዳልያው ቢኖር ግን ባልጠላ።

ዛሬ ጓደኛዬ ሰፈር ውስጥ ሕፃናት ያለማምዳል። ሁለቱ ሲናደዱበት አይቆጣም፣ አይጮህም። (ቢጮህ ይቀዱታላ!) መሀላቸው ገብቶ አንዱን ብቻ «አሁን ያደረግከው የማን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ ግራ ይገባዋል። ዝም ይላል። ትንፋሹ ይመለሳል።

በሉ እንግዲህ። የሚቀጥለው የባጃጅ ሾፌር ድምፁን ከፍ ሲያደርግባችሁ ደረቱን እዩ። መልሱንም መቀበል እንዳትረሱ።